መድኃኒቱን የደበቀ በሽታው አይታወቅለትም

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አባቶቻችን ያስተምሩናል። ይህ ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ በጆሯችን የቆየ ስለ ሆነ ትርጓሜ አያስፈልገውም። ዳሩ ግን መድኃኒት በየመንደሩ በበዛበት በዛሬው ዘመን አንድ ሌላ ቃል ልንጨምርበት የሚገባን ይመስለናል። ይኸውም፥ መድኃኒቱን የደበቀ ሰው በሽታው አይታወቅለትም የሚል ነው። ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ቀርቦ ራሴን አመመኝ፥ ሆዴን ቆረጠኝ፥ ሳል ያዘኝ እያለ የሚሰማውን ሁሉ ሲዘረዝር፥ አስቀድሞ የዋጠውን፥ የጠጣውን፥ የተወጋውንና የተቀባውን ግን ሳይናገር ቢቀር፥ የነገሩን እኩሌታ ብቻ እንደ ተናገረ ይቈጠራል። የአንዱን ወገን ቃል ብቻ የሰማ ዳኛ በትክክል ሊፈርድ እንደማይችል ሁሉ፥ እኩሌታውን የሰማ ሐኪምም በሽታውን በትክክል ሊለይ አይችልም።

ይህን ጉዳይ ለቤተ ሰብ አንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያነሣሣን በገዛ ዐይናችን ያየነው ነገር ስለ ሆነ፥ ከዚያ እንጀምራለን።

አንገቷ የተጣመመባት ተማሪ

በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ዕድሜዋ 15 ዓመት የሆነ አንዲት ተማሪ ነበረች። አንድ ሰኞ ጠዋት በክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሳለች በድንገት አንገቷ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ፤ ዐይኖቿ ወደ ላይ ተሰቀሉ፤ መንጋጋዋም ተቈልፎ ምላሷን እንደ ልቧ ማንቀሳቀስ ተሳናት። ራሷን አልሳተችም፤ የምንላትን ሁሉ ትሰማ ነበር፤ ነገር ግን መልስ ልትሰጠን ስላልቻለች እንባዋ ብቻ ይወርድ ነበር። ጓደኞቿ ጮኹ። አንዱ «ቡዳ በላት» አለ፤ ሌላው «ጋኔን ነው» አለ። እኛም፥ እውነቱን ለመናገር፥ በቤተ ክርስቲያን ያደግን፥ በዘመናዊ ትምህርት ቤትም የተማርን ሆነን ሳለ፥ ከልጆቹ የተሻለ አሳብ አልመጣልንም። ፀበል ትወሰድ ብለን ሰው ልከን እናቷን አስጠራን።

እናቷ እያለቀሱ ሲደርሱ፥ ከእኛ ጋር የሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌ መምህር «ፀበሉ አይሸሽም፤ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነውና አስቀድመን እናሳያት» ብለው አጥብቀው ተናገሩ። ስለዚህ ልጅቱን በሁለት ወገን ደግፈን ወሰድናት። የተቀበለን የጤና መኮንን ገና ወጣት ነበር። አንገቷን ዳሰሰ፥ ትኵሳቷን ለካ፤ ከዚያም መርፌ ከማንሣቱ በፊት ወደ እናቷ ዞሮ፥

«እናቴ፥ ልጅዎ ከሰሞኑ የወሰደችው መድኃኒት አለ?» ሲል ጠየቃቸው።

«ምንም አልወሰደችም፥ የኔ ጌታ» አሉ።

«ለራስ ምታት ወይም ለሆድ ሕመም የሰጧትስ? ለማስመለስስ?»

እናቷ ጥቂት አሰቡና፥ «ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ እያስመለሳት ስለ ነበር ጎረቤታችን ከራሷ የተረፈ ኪኒን ሰጥታን ነበር። ትናንት ሦስት ጊዜ፥ ዛሬም ጠዋት አንድ ጊዜ ዋጠች። እሱማ የማስመለስ ማስታገሻ ነው እንጂ ምን መድኃኒት ይባላል?» ሲሉ መለሱ።

የጤና መኮንኑ የኪኒኑ ማሸጊያ ከቤት እንዲመጣ አደረገ። ማሸጊያው ሲታይ ሜቶክሎፕራሚድ የሚባለው፥ ብዙ ሰው ፕላሲል ብሎ የሚያውቀው መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። ይህ መድኃኒት ማስመለስን በማስታገሥ ብዙ ሰው የጠቀመ ነው። ነገር ግን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ስለሚያግድ፥ በአንዳንድ ሰዎች፥ ይልቁንም በልጆችና በወጣቶች ላይ፥ የአንገትን፥ የመንጋጋንና የዐይንን ጡንቻዎች ያለ ፈቃድ ያኰማትራል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው መድኃኒቱ በተጀመረ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ነው። ማርከሻ የሚሆን መርፌ ተሰጣት፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላም አንገቷ ቀና፥ መንጋጋዋ ተፈታ፤ «ውሃ ስጡኝ» ስትልም ሁላችንም ሰማናት።

ያ ጥያቄ ሁለተኛ ጊዜ ባይጠየቅ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ብዙ ጊዜ አስበናል። መንጋጋ ቆልፍ ነው ተብሎ ወደ ሩቅ ሆስፒታል ትላክ ነበር፤ ወይም የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ ለዓመታት የማያስፈልጋትን መድኃኒት ትውጥ ነበር። ከዚህም ሁሉ የሚከፋው፥ ቡዳ ነው ተብሎ የአንድ ንጹሕ ጎረቤት ስም ይጠፋ ነበር፤ እርሷም ቡዳ የበላት ልጅ እየተባለች ታድግ ነበር። እኛም በዚያ ቀን ካፋችን ስለ ወጣው ቃል እስከ ዛሬ እናፍራለን።

እናቶች የረሱት ኪኒን

የዚያች እናት መልስ ግን የእርሳቸው ብቻ አይደለም። የተማሩ ሰዎች በበዙበት በአውሮፓም እንዲሁ ሆኗል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1957 በምዕራብ ጀርመን ኮንተርጋን የተባለ የእንቅልፍና የማረጋጊያ ኪኒን ለሽያጭ ቀረበ፤ በውስጡ ያለው መድኃኒት ታሊዶማይድ ይባል ነበር። ምንም ጉዳት የለውም ተብሎ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጥ ስለ ነበር፥ ነፍሰ ጡሮችም ሳይቀሩ ይወስዱት ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እጃቸውና እግራቸው ያጠረ ወይም ጨርሶ የሌላቸው ሕፃናት እየበዙ መወለድ ጀመሩ። ሐኪሞች ተጨነቁ። አንዳንዱ ከዘር የመጣ ነው አለ፤ አንዳንዱም በዚያ ዘመን ይደረግ የነበረው የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ያመጣው ነው ብሎ ጠረጠረ።

በሐምቡርግ ከተማ የነበሩት የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ቪዱኪንድ ሌንዝ በ1961 እናቶቹን እየዞሩ ይጠይቁ ጀመር። በእርግዝናሽ ጊዜ ምን ወሰድሽ ተብለው በደፈናው ሲጠየቁ፥ ብዙዎቹ ኮንተርጋንን አላነሡም ነበር። በስሙ ተለይቶ ሲጠየቁ ግን አስታወሱ። እነዚህ እናቶች ሊዋሹ አልፈለጉም። ኪኒኑ ቀላል ነው ተብሎ ስለ ተሰጣቸው፥ ከመድኃኒት ቈጥረው ሊናገሩት የሚገባ አልመሰላቸውም እንጂ። ዶክተር ሌንዝ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር አምራቹን ኩባንያ አስጠነቀቁ፤ በወሩ መጨረሻም መድኃኒቱ ከጀርመን ገበያ ወጣ። በዚያው ወራት በአውስትራልያ የማዋለጃ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ዊልያም ማክብራይድም ስለዚሁ ነገር ጽፈው አሳወቁ። በመላው ዓለም በዚህ መድኃኒት የተጐዱት ሕፃናት 10,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ብዙዎቹም በሕፃንነታቸው አርፈዋል። የዚህን ሁሉ መከራ ሥር ለማግኘት ሐኪሙን የረዳቸው የታገሠ ጥያቄ ነበር።

በሽታ የሚመስል መድኃኒት፥ በሽታ የሚሸፍን መድኃኒት

መድኃኒት ሐኪምን የሚያሳስትበት መንገድ ብዙ ነው። አንደኛው፥ መድኃኒቱ ራሱ ሌላ በሽታ መስሎ ሲታይ ነው። ለምሳሌ አንድ የደም ግፊት ያለበት ሰው ኤናላፕሪል የተባለውን ኪኒን ይጀምራል እንበል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደረቅ ሳል ይይዘዋል፤ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣዋል። በአገራችን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ስለ ሳንባ ነቀርሳ መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ይህንንም ማንም አይንቀፍ። ነገር ግን አክታው ተመርምሮ፥ ደረቱም በራጅ ታይቶ ምንም ካልተገኘ በኋላ፥ ሰውየው የግፊት መድኃኒቱን ስላልተናገረ ብቻ የሳል ሽሮፕ በላይ በላዩ ሲጠጣ ይከርማል። ኤናላፕሪልና ዘመዶቹ ከሚወስዷቸው ሰዎች መካከል ከ10 አንድ በሚያህሉት ላይ እንዲህ ያለ ሳል እንደሚያመጡ የታወቀ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን በሌላ ሲለውጠው፥ ሳሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይተዋል። የዚህ መድኃኒት ታላቅ ወንድም የሆነው ካፕቶፕሪል፥ በብራዚል አገር ከሚገኝ የእፉኝት መርዝ በተገኘ ዕውቀት ተሠርቶ በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ የተፈቀደ ነው። ከመርዝ መድኃኒት ማውጣት ከተቻለ፥ መድኃኒትም ባልታሰበ መንገድ ሊጐዳ መቻሉ ሊያስደንቀን አይገባም።

አምሎዲፒን የሚባለው ሌላው የግፊት መድኃኒት ደግሞ ቁርጭምጭሚትን ያሳብጣል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ልቤ ደከመ ወይም ኩላሊቴ ተበላሸ ብሎ ይሸበራል። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት ኪኒን ሰገራን ያጠቁራል፤ ሐኪሙ ይህን ካልተነገረው ጨጓራ እየደማ ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። በአንጻሩ፥ ለወገብና ለጉልበት ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ሳያቋርጥ የሚውጥ ሰው ሰገራው ቢጠቁር በእውነት እየደማ ሊሆን ስለሚችል በቶሎ መታየት አለበት። እንግዲህ በሁለቱ መካከል የሚለየው የሕመምተኛው ቃል ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትን፥ ላብንና እንባን ወደ ብርቱካንማ ቀይ ይለውጣል፤ ሕመሙን አፍሮ የደበቀ ሰው ወደ ሌላ ሐኪም ቢሄድ፥ የሽንቱ ቀለም ደም መስሎ ታይቶ ስለ ኩላሊት በከንቱ ሊመረመር ይችላል። የዐይን ጠብታ እንኳ ሳይቀር አይናቅም፤ የዐይን ግፊት ላለበት ሰው የሚሰጠው ቲሞሎል የአስም ሕመምተኛን ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ፥ መድኃኒቱ በሽታውን ሲሸፍን ነው። ትኵሳት የያዘው ልጅ ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ ሁለትና ሦስት ቀን ከዋጠ በኋላ ወደ ሆስፒታል ቢመጣ፥ በማጅራት ገትር እንኳ ቢያዝ ከጀርባው በተቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ተሐዋስያኑ ሳይበቅሉ ሊቀሩ ይችላሉ። ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ የልብ መምታቱና የእጅ መንቀጥቀጡ ላይታወቅ ይችላል፤ ላቡ ብቻ ይቀራል።

ሦስተኛው፥ የተቋረጠ መድኃኒት ነው። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታልን ለዓመታት ሲወስድ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም፥ በሽታው ከቀድሞው በርትቶ ያለ ፋታ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ምን ትወስዳለህ ብሎ ሲጠይቅ፥ ምንስ ትወስድ ነበር፥ መቼስ ተውኸው የሚለውም የጥያቄው ክፍል መሆኑን እንወቅ።

ጾም፥ ፀበልና የአገር መድኃኒት

በኦርቶዶክሳውያን ቤት ከሐኪም የሚሸሸጉ ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ጾሙ፥ ፀበሉና የአገር መድኃኒቱ ናቸው። ሐኪሙ ይቈጣኛል ወይም ይንቀኛል ተብሎ ስለሚፈራ አይነገሩም።

በጾም ወራት የምግባችን ዓይነትና ሰዓት ይለወጣል። በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት የልብ በራቸው በሰው ሠራሽ የተተካላቸው ብዙ ወጣቶች በአገራችን አሉ፤ ደማቸው እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት ይወስዳሉ። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለ ሆነ የዚህን መድኃኒት ኃይል ያዳክማል። በፍስክ ጊዜ አልፎ አልፎ ጎመን የሚበላ ሰው በዐቢይ ጾም ዕለት ዕለት ቢበላ ደሙ ለመርጋት ይቀርባል፤ ጾሙ ሲፈታ በድንገት ቢተወው ደግሞ ወደ መድማት ያዘነብላል። ጎመን ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መጠኑ ሳይዘበራረቅ እንዲበላና ሐኪሙም እንዲያውቀው ያስፈልጋል እንጂ። እንዲሁም ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚውጥ የስኳር ሕመምተኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ፥ ስኳሩ ወርዶ ሊያልበው፥ ሊያንቀጠቅጠውና ንግግሩን ሊያዛባው ይችላል። ይህንንም ያዩ ሰዎች ሰክሯል፥ ወይም መንፈስ ይዞታል ሲሉ ይሰማሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ለታመመ ሰው ርኅራኄ አላትና፥ እንዲህ ያለው ሰው ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር በጾም መድኃኒቱን እንዳያዛባ እንለምናለን።

ስለ ፀበልም እንዲሁ ነው። ፀበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን መተው አለበት የሚል ትምህርት በአንዳንድ ስፍራ ሲነገር ሰምተናል፤ በዚህም ሰበብ ብዙ ነፍስ ተጐድቷል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው፥ ፀበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑና እርስ በርሳቸው እንደማይቃረኑ በይፋ ማስተማራቸው የሚታወስ ነው። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ እናውቃለን፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን እንድናከብር ይመክረናል። እንግዲህ ፀበል የምንጠጣ መሆናችንን፥ በባዶ ሆድ ስንት ሰዓት እንደምንቆይና መድኃኒት አቋርጠን እንደ ሆነ ለሐኪም መናገር እምነትን ማጉደል አይደለም።

የአገር መድኃኒትም ቢሆን መድኃኒት ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ሆዱን ይቆርጠዋል፥ ያስቀምጠዋል፥ ያስመልሰዋል፤ ትናንት ኮሶ ጠጥቶ ዛሬ በሆድ ቁርጠት ወደ ሐኪም የቀረበ ሰው ኮሶውን ካልተናገረ፥ ሐኪሙ የሌለ በሽታ ሲፈልግ ይውላል። እንቆቆም፥ መተሬም፥ ከዐዋቂ ቤት በብልቃጥ የመጣውም ሁሉ በስሙ ይነገር፤ ስሙ የማይታወቅ ከሆነም ብልቃጡ ይታይ።

ምን እናድርግ?

የመድኃኒት ነገር በየአገሩ ስላስጨነቀ፥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመድኃኒት አወሳሰድ ስሕተት የሚደርሰውን ከባድ ጉዳት በአምስት ዓመት በግማሽ ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ጥረት ጀምሮ ነበር። ይህ ጥረት ግን ከሁሉ አስቀድሞ በየቤታችን የሚጀመር ነው።

በመጀመሪያ፥ ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ተሰጥቶ፥ የሚወስደው መድኃኒት ስም፥ መጠኑ፥ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፥ መቼ እንደ ተጀመረ፥ ለምን እንደ ታዘዘና መቼ እንደ ተቋረጠ ይጻፍበት። ፔኒሲሊንም ሆነ ሌላ መድኃኒት ወስዶ ሰውነቱ ሽፍ ያለበት ወይም ትንፋሹ ያጠረው ሰው ካለ፥ ይህ በቀይ ቀለም ይጻፍ። ወላጆች ማንበብ ባይችሉ፥ የተማሩት ልጆች ይጻፉላቸው፤ ለአባትና ለእናት ከሚደረገው አክብሮት አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛ፥ ወደ ሐኪም ስንሄድ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፥ ኪኒኑንም፥ ሽሮፑንም፥ ጠብታውንም፥ ቅባቱንም፥ ባዶ ማሸጊያውንም ሳይቀር በአንድ ዘንቢል ይዘን እንሂድ። ነጩ ኪኒን፥ ቢጫው ኪኒን ከማለት ማሸጊያውን ማሳየት ይሻላል።

ሦስተኛ፥ በሰው ፊት ለመናገር የሚያሳፍር ነገር ቢኖር፥ ዘመድ እንዲወጣ ጠይቀን ለብቻችን እንናገር። ሐኪም የሕመምተኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ ቀላሉን ተናግሮ ከባዱን የደበቀ ሰው የሚቀበለው ቀኖና ልክ ሊሆንለት እንደማይችል እናውቃለን፤ የሥጋውም ነገር ከዚህ አይለይም።

አራተኛ፥ ይህን ያነበበ ሰው ሳሌ ከመድኃኒቴ ነው፥ እብጠቴ ከመድኃኒቴ ነው ብሎ በገዛ ፈቃዱ መድኃኒቱን እንዳያቆም አደራ እንላለን። ጽሑፋችን ሐኪምን ለመጠየቅ እንጂ ሐኪም ለመሆን አያበቃም።

ለሐኪሞችና ለነርሶችም አንድ ልመና አለን። በር ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ብዙ እንደ ሆነ እናያለን፤ ድካማችሁንም እናውቃለን። ነገር ግን መድኃኒት ትወስዳላችሁ ወይ ተብለን ስንጠየቅ፥ የለም ብለን የምንመልሰው መድኃኒት የሚለውን ቃል እንደ እናንተ ስለማንረዳው ነው። ለራስ ምታት፥ ለሆድ፥ ለእንቅልፍ፥ ለዐይን፥ ከሱቅ፥ ከጎረቤት፥ ከዐዋቂ እያላችሁ ብትጠይቁን እናስታውሳለን። ከዚያም በኋላ «ሌላስ?» በሉን።

ያች ተማሪ ዛሬ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ይዛለች። የእናቷ ጎረቤትም ያን ኪኒን በቅን ልብ እንደ ሰጠች ማንም አልተጠራጠረም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር የተረፈ ኪኒን መዋዋስ ቀርቷል። እናቷ ደግሞ ከልጃቸው አሮጌ ደብተሮች አንዱን ለዚህ ጕዳይ ለይተው፥ ጤና ጣቢያ በሄዱ ቍጥር በነጠላቸው ጠቅልለው ይይዙታል። በየቤታችን እንዲህ ያለ ደብተር እንዲኖረን ልዑል እግዚአብሔር ማስተዋሉን ያድለን።